አንዲት ፊደል

ቡራዩ ኮምፒዩተር ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ «ፒዲኤፍ ሳታደርጉ ማተሚያ ቤት እንዳትሄዱ» እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ ትስቁብኝ ነበር። ምክንያቱን ዛሬ ልንገራችሁ።

ያኔ ከታ ትንሽዬ ጽሕፈት ቤት ነበረችኝ። አንድ ደንበኛዬ ለእናቱ ሙት ዓመት የሚታደል መጽሔት አዘዘኝ። በፔጅሜከር ሌይአውቱን ሠርቼ፣ ፍላሼን ይዤ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ፋይሉ ሲከፈት አማርኛው ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ቁጭ! የእኔ ፎንት እዚያ ኮምፒዩተር ላይ የለም። ልጁ «አታስብ» ብሎ በሚመሳሰል ሌላ ፎንት ቀየረው። አማርኛው ተመለሰ። ቸኩዬ ስለነበር ላይ ላዩን አየሁና «ይታተም» አልኩ።

ሰውየው መጽሔቱን ሲቀበለኝ ሽፋኑ ላይ ጣቱን አሳረፈ። በእናቱ ስም ውስጥ አንዲት ፊደል ተቀይራለች። «ይቺ የኔ እናት አይደለችም» አለኝ፤ አልጮኸም። በራሴ ኪሳራ እንደገና አሳተምኩ። ፊቱ ግን እስካሁን አይጠፋኝም።

የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደላት ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት፤ ያውም እያንዳንዱ በየራሱ አደራደር። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ለየፊደሉ የራሱ ቁጥር ቢሰጠውም፣ እኛ ግን በለመድነው ብዙ ዓመት ቀጠልን።

እና በሲዲ፣ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ያስቀመጣችሁት ሥራ ካለ፣ ፎንቱ ያለበት ኮምፒዩተር ሳይሞት አውጡት። ወደ ዩኒኮድ ስትቀይሩት ደግሞ ማሽኑን አትመኑ። በተለይ የሰው ስም ሲሆን ፊደል በፊደል አንብቡ፤ ከተቻለ ባለቤቱን አጠገባችሁ አስቀምጡ።