የዕቁብ ገንዘብና አሮጌ ካሜራ

ዕቁብ ደረሰኝ። የገባሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የራሴን ካሜራ ለመግዛት።

ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ። ደመወዝ የለኝም፤ የምበላው በሠራሁት ዘገባ ልክ ነው። ቀደም ሲል ጋዜጠኛው ማስታወሻ ደብተሩን፣ ፎቶ አንሺው የቢሮውን ካሜራ ይዘው አብረው ይወጡ ነበር። አሁን ሥራ የሚሰጥህ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅህ «ካሜራ አለህ?» ብሎ ነው። እስከ ዛሬ እየተከራየሁ ስሠራ ቆየሁ። ለአንድ ዘገባ ከሚከፈለኝ ሲሶው ለኪራይ ይሄዳል። ጉዞው ሦስት ቀን ከፈጀ ደግሞ ከኪሴ እጨምራለሁ።

ዕቁቡን ስንጀምር ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከ100 ብር አለፈ። 28,500 ብር ብዬ ያሰብኩት የ500 ዶላር ካሜራ ከ50,000 በላይ ሆነ ማለት ነው። ያውም ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ። ዕቁቡ ግን ያው ዕቁብ ነው።

ስለዚህ አዲሱን ሚረርለስ ገና ከጅምሩ ተውኩት። ካኖንም ኒኮንም በዲጂታል ኤስ.ኤል.አር. (ውስጡ መስታወት ባለው ካሜራ ማለቴ ነው) ከፍተኛውን ደረጃ የያዙትን የመጨረሻ ሞዴሎቻቸውን ያወጡት በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ትኩረታቸው መስታወት የሌለው ላይ ሆኗል። አቅም ያለው ወደ አዲሱ ሲሻገር አሮጌውን ይሸጣል፤ እኛ የምንገባው እዚህ ጋ ነው። የካኖን ኢ.ኤፍ. ሌንስ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መግጠሚያው አልተቀየረም፤ የሠላሳ ዓመት ሌንስ አሮጌው ካሜራ ላይ ይገጥማል። ጓደኞቼ የያዙት ካኖን ነው። ሌንስ ቢቸግረኝ የምዋሰው ከእነሱ ስለሆነ፣ «ካኖን ይሻላል ወይስ ኒኮን?» የሚለው ክርክር እዚያው አለቀልኝ።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ላይ ነበር። ሰውነቱ እንደ አዲስ ያበራል። ሻጩም «ስላይትሊ ዩዝድ ነው ወንድሜ፣ ብዙ አልተሠራበትም» አለኝ። ደግነቱ ብቻዬን አልሄድኩም። ካሜራ በመጠገን ያረጁ አንድ ጋሼ አብረውኝ ነበሩ። ካሜራውን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተው ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ አዩ፤ 213,000። ፋብሪካው ለዚህ ሞዴል የሚሰጠው ግምት 150,000 ነው።

«ልጄ፣ መኪና ስትገዛ ኪሎ ሜትሩን አታይም? ይሄ የሰርግ ካሜራ ነው» አሉኝ።

«ከዚያ በላይ የሚሄድ የለም እንዴ ጋሼ?»

«አለ። ሲቆም ግን መለዋወጫው የሚመጣው በዶላር ነው።»

ከዚያ የስልካቸውን መብራት በሌንሱ ውስጥ አሳለፉ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ታየ፤ ሻጋታ ነው። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ባለበት ቦርሳ ውስጥ የከረመ ሌንስ እንዲህ ይሆናል።

ቤቴ ገብቼ የምሠራውን ሥራ በወረቀት ጻፍኩ፦ ቃለ ምልልስ፣ ስብሰባ፣ የገጠር ጉዞ። ለዚህ የሚበቃኝ ካኖን 80ዲ ሆኖ አገኘሁት። ስክሪኑ ይዞራል፣ የማይክም የጆሮ ማዳመጫም መሰኪያ አለው፣ ቪዲዮ ላይ ፊት ተከትሎ ያጠራል። ጉድለትም አለው። 4ኬ አይቀርጽም፤ ብርሃን ባነሰበት አዳራሽ ምስሉ ይሻክራል። አንድ ቀረጻ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ ራሱ ያቆማል፤ የእኛ አገር መግለጫ ደግሞ መቼም በግማሽ ሰዓት አያልቅም። ሹተሩ 31,000 ላይ ያለ አግኝቼ ገዛሁ። በቀረው ገንዘብ ርካሹን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስና ማይክ ጨመርኩ። ምስል ትንሽ ቢሻክር ይታለፋል፤ ድምፁ የተበላሸ ቃለ ምልልስ ግን የለም።

«ስልክህ ምን ሆነና?» የምትሉኝ አላችሁ። ስልክ ድንገት ለሚፈጠር ነገር የሚስተካከለው የለም። መንገድ ላይም ትልቅ ካሜራ ስታወጣ «ፈቃድ አለህ?» ይመጣል፤ ፍሪላንሰር ደግሞ የሚያሳየው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የለውም። ብዙ ቀን ካሜራዬ ቦርሳ ውስጥ እንደሚውል አውቃለሁ። ነገር ግን ከአዳራሹ ኋላ ቆሜ መድረክ ላይ ያለውን ሰው ፊት በስልክ ማምጣት አልችልም፤ በተዋስኩት ረጅም ሌንስ እችላለሁ።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ሥራ ላክሁበት። አንድ ጽሑፍ፣ 14 ፎቶ፣ የስድስት ደቂቃ ቪዲዮ። ሁሉንም ተጠቀሙበት። የተከፈለኝ የጽሑፍ ብቻ ዋጋ ነው፤ ካሜራ ሳይኖረኝ በፊት ይከፈለኝ የነበረው።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ መግዛት የአሠሪው ወጪ ነበር። ማንም ስብሰባ ተቀምጦ ሳይወስን ወደ ሠራተኛው ዕቁብ ተዛወረ። ይህን የምታነቡ የሚዲያ ኃላፊዎች አላችሁ። ካሜራ ግዙልን አላልኩም፤ ክፍያ ስትጽፉ ለጽሑፍ፣ ለፎቶና ለቪዲዮ ለየብቻ ጻፉ። እኛ ፍሪላንሰሮችም ሥራ ከመቀበላችን በፊት ይህንን እንጠይቅ። እኔ አልጠየቅኩም ነበር።

ካሜራ ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ሰውነቱ ስላበራ አትታለሉ። የሹተር ቁጥሩን ሳታዩ፣ ሌንሱን በመብራት ሳትፈትሹ ገንዘባችሁን አታውጡ።

መልካም ሰንበት።