ተረቱን ማን ነገረህ?

ስለ ተረት አመጣጥ ሲጠየቅ፥ «ተረት ደራሲ የለውም፤ የሕዝብ ነው» የሚል መልስ መስጠት የተለመደ ነው። አባባሉ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ሕዝብ በአንድ አፍ አይናገርም። እያንዳንዱ ተረት ከአንድ ሰው አንደበት ወጥቶ ለሌላ ሰው ጆሮ የደረሰ ነው። ስለሆነም የተረትን ምንጭ የሚመረምር ሰው በቅድሚያ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ፥ «ይህን ማን ነገረህ?» የሚል ነው።

የአላዲንንና የዐሊ ባባን ተረት ያልሰማ ጥቂት ነው። እነዚህን ተረቶች በፈረንሳይኛ ጽፎ ለአውሮፓ አንባቢ ያቀረበው አንቷን ጋላን ነበር። ለጋላን የነገረው ግን ሐና ድያብ የተባለ ወጣት፥ በሶርያ የሐለብ ከተማ ተወላጅ ነው። ሁለቱ የተገናኙት እ.አ.አ. በ1709 በፓሪስ ነበር። ጋላን የወጣቱን ስም በዕለት ማስታወሻው ላይ ቢያሰፍርም፥ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አልጠቀሰውም። በዚህም የተነሣ ነጋሪው ከገዛ ተረቱ ተለይቶ ብዙ ዘመን ተረስቶ ኖረ።

በአንጻሩ ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ያኮብና ዊልሄልም ግሪም፥ እ.አ.አ. በ1815 ባወጡት ሁለተኛ የተረት መጽሐፋቸው መግቢያ ላይ አንዲትን ሴት አመስግነዋል። እርሷም ዶሮቴያ ፊማን ትባላለች። የልብስ ሰፊ ሚስት ስትሆን፥ ካሰል በተባለው ከተማ የጓሮ አትክልት እየሸጠች ኑሮዋን የምትገፋ ነበረች። በ1819 በታተመው መጽሐፍ ላይም ሥዕሏ ወጣ። ዛሬ ማንነቷን ለማወቅ የቻልነው ስሟን የጻፈላት ስለ ነበረ ነው።

በጎረቤታችን በሱዳንም ታላቁ ሊቅ ዐብዱላህ አል ጠይብ (1921-2003 እ.አ.አ.) የአገሩን ተረቶች ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሟል። ሱዳናውያን አያትን «ሐቦባ» ይላሉ፤ ማታ ማታ ልጆችን ሰብስባ ተረት የምትነግረውም እርሷ ናት። ይሁንና የሰብሳቢው ስም በመጽሐፉ ላይ ሲጻፍ፥ በየቤቱ ተረቱን ሲነግሩ የኖሩት የብዙዎቹ ሐቦባዎች ስም አልተጻፈም።

ይህን ጉዳይ በቅርብ የተረዳሁት በካርቱም ከተማ፥ ዐማራት በሚባለው ሰፈር በነበርሁበት ጊዜ ነው። የሰፈሩ ስም «አማራ» ከሚለው ቃል ጋር ቢመሳሰልም፥ በዐረብኛ ትርጉሙ «ሕንጻዎች» ማለት ነው። በዚያ በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ፥ በየመንገዱ ዳር ቡናና ሻይ የሚሸጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እኔም ዓርብ ዓርብ ለልጆቻቸው አማርኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን እያንዳንዳቸው አንድ ተረት ከነነጋሪው ስም ጽፈው እንዲያመጡ አዘዝኋቸው።

ተረቶቹ መጡ፤ ስሞቹ ግን አልመጡም። አብዛኞቹ ልጆች በስሙ ቦታ «እናቴ» ብለው ጽፈው ነበር። ከእናቶቹ አንዷን ስሟን ብጠይቃት፥ «የእኔ ስም ምን ያደርጋል፥ መምህር? ተረቱ እኮ የእኔ አይደለም፤ ጎንደር ያለችው የአያቴ ነው» አለችኝ። «እንግዲያውስ የእርስዋንም ስም ንገሪኝ» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና የአያቷን ስም ከነአባቷ ስም ነገረችኝ። ከዚያም ልጇን ጠርታ፥ «ጻፊው» አለቻት። ልጅቷ የቅድመ አያቷን ስም ስትሰማ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሌላው ልጅ ያመጣው ተረት ስለ ውቢቱ ፋጢማ የሚነገረውን የሱዳኖች ተረት ነበር። የነገሩት ጎረቤቱ የሆኑ ሱዳናዊት አሮጊት ናቸው። ልጁ ግን ተረቱን ወደ አማርኛ ሲመልሰው፥ «ጉል» የተባለውን ሰው በላ ፍጡር በጅብ ለውጦታል። ምክንያቱን ብጠይቀው፥ «ትንሹ ወንድሜ የሚፈራው ጅብን ስለሆነ ነው» ሲል መለሰልኝ። እንግዲህ ለዚያ ተረት አሮጊቷም ልጁም ባለቤቶች ናቸው። የሁለቱንም ስም መዝግቤአለሁ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ዐማራት ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ በመሆኑ ነዋሪዎቹ ቶሎ ተበተኑ። ከእነዚያ ቤተሰቦች ገሚሱ በመተማ በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የገሚሱ አድራሻ ጠፋ። ያ ደብተር ግን በእጄ ይገኛል። የአንዳንዶቹ ነጋሪዎች ስም ከዚህ ደብተር በቀር በሌላ ጽሑፍ ላይ ሰፍሮ ይገኛል ብዬ አላምንም።

እናንተም ተማሪዎች በየቤታችሁ ተረት የሚነግሩ ሰዎች ይኖራሉ። ተረቱን በምትጽፉበት ጊዜ የነጋሪውን ስም፥ የተወለደበትን ስፍራ፥ ከማን እንደ ሰማውና የተነገረበትን ቀን ከላይ አስፍሩ። «ስሜ ምን ያደርጋል?» ቢሏችሁም በትሕትና ደግማችሁ ጠይቁ። ተረቱ ከሌላ ሰው ሊገኝ ይችል ይሆናል፤ የነጋሪውን ስም ግን ዛሬ እርሱን ካልጠየቃችሁ ነገ የምትጠይቁት ሰው ላይኖር ይችላል።