ለዝናብ ብላችሁ አትኳረፉ!

ሰው ከስህተቱ ይማራል ይባላል። እናንተ ግን ከኔ ስህተት ተማሩ።

ማሌዥያ ውስጥ፣ በቦርንዮ ደሴት ላይ ጉኑንግ ሙሉ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። ስሙ እንደኛ «ሙሉ» ነው፤ እውነትም ሙሉ! ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፤ ከስሩ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ዋሻ በዋሻ ነው። ዩኔስኮ በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

እኔና ጓደኛዬ ከሚሪ ከተማ በትንሽ አውሮፕላን ገባን። ያሰብነው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነበር። ስህተቱም እሱ ነው!

በእንጨት መረማመጃ ላይ 3 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተጉዘን «የአጋዘን ዋሻ» ደረስን። ጣሪያው ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የሌሊት ወፎቹ ኩስ ሽታ ግን… አፍንጫ ያስይዛል! ወደ 11 ሰዓት ግድም ወጥተን ከዋሻው ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ የሚገመቱት የሌሊት ወፎች ነፍሳት ለማደን የሚወጡት በዚያ ሰዓት ነው።

ምን ያደርጋል? ዶፍ ወረደ! ዝናብ ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይወጡም።

«ለዚህ ነው ያን ሁሉ ገንዘብ ያስወጣሽኝ?» አለች ጓደኛዬ። እኔም አፌን አልሰበሰብኩም። ሳንነጋገር አደርን። ጠዋት እሷ በረረች፤ እኔ በእልህ ቀረሁ።

አስጎብኚያችን «ዝናቡን አትርገሚው፤ ዋሻውን የሠራው እሱ ነው» አለኝ። ለካስ የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ቀላል አሲድ ይሆንና ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። እዚያው ፓርክ ውስጥ በ1981 የተገኘው የሳራዋክ አዳራሽ ርዝመቱ 600 ሜትር ያህል ነው። ጠብታ የሠራው አዳራሽ! እኛ አንዲት ምሽት መታገስ አቃተን።

በማግስቱ ሰማዩ ጠራ። መጀመሪያ ቀጭን ጭስ መሰለኝ። ከዚያ እየተጠማዘዘ እንደ ረጅም ጥብጣብ ከዋሻው አፍ ተመዘዘ፤ አያልቅም! «አየሽ?» ብዬ ዞር ስል… ከጎኔ ማንም የለም።

እንግዲህ ከሄዳችሁ ሁለት ሌሊት ያዙ። የእጅ ባትሪና የዝናብ ልብስ አትርሱ። ዶፍ ከወረደባችሁም አብራችሁ ጠብቁ፤ ዝናቡ ያባራል። እኔና ጓደኛዬ ግን ዛሬም ሰላምታችን እንደ ድሮው አይደለም።