ከጅዳ ባሕር እስከ አል-ሀዳ ተራራ፦ ስሙን ያልጠየቅሁት መንገደኛ



ዛሬ ስለ ብስክሌት ልጽፍላችሁ ነው። ነገሩ ለመንፈሳዊ አስተንትኖ የማይመች ቢመስላችሁ አልፈርድባችሁም፤ ጌታችን ግን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ የመለሰው የአንድ መንገደኛን ታሪክ በመንገር ነውና ጥቂት ታገሡኝ።

በጅዳ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ጸሎታችን በዝግ ክፍልና በልብ ነበር። የዕረፍት ቀናችን ዓርብ ነበረና፣ በመጋዘን አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ፊሊፒናዊ ካቶሊካዊ አሮጌ ብስክሌቱን ሰጥቶኝ ዓርብ ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ይዞኝ ይወጣ ጀመር። እርሱ በፔዳሉ ምት ልክ የመቁጠሪያ ጸሎቱን በልቡ ይደግም ነበር፤ እኔም ከእርሱ ተማርሁ። ከሳምንቱ ቀናት ማንም «ና» «ሂድ» የማይለኝ ያን ማለዳ ብቻ ነበር።

የምንመርጠው አስፋልቱን ሳይሆን የጠጠሩን መንገድ ነው። ለጠጠር የተሠራ ብስክሌት ጎማው ሰፋ ያለ፣ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ ብቻውን ግን አይበቃም። በመጀመሪያው ቀን ከመነዳሪውን ጢም አድርጌ ነፍቼ ነበርና ብስክሌቷ በየጠጠሩ ላይ እየነጠረች ስታታግለኝ ዋለች። ባልደረባዬ ሳቀ፤ ጎንበስ ብሎም ከጎማው አየር ቀነሰልኝ። ለስለስ ያለ ጎማ በጠጠሩ ላይ ተኝቶ መሬቱን ይይዛል፤ የጠነከረው ይዘልላል፣ ያንሸራትታል። የቀረውንም እንዲሁ በተግባር አስተማረኝ፦ በአሸዋ ላይ የፊት ፍሬን አይያዝም፤ ለአንድ ሰው ከአራት ሊትር ያላነሰ ውሃ ይያዛል፤ በበጋው ሐሩር ፀሐይ ከፍ ሳትል ወደ ቤት ይገባል።

ከጅዳ በስተ ደቡብ በባሕሩ ዳር ጨዋማ ሜዳ አለ፤ ዐረቦቹ «ሰብኻ» ይሉታል። ላዩ ደርቆ ጽኑ መሬት ይመስላል፤ ቅርፊቱ ሲሰበር ግን ጎማውን እስከ ቸርኬው ይውጠዋል። በዚያው አቅጣጫ ሹዐይባ የሚባል ጥንታዊ ወደብ አለ። በእስልምና ትውፊት በ615 እ.ኤ.አ. ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች መርከብ የተሳፈሩት ከዚያ ነው። ባሕሩን ተሻግረው ወደ አክሱም መጡ፤ ክርስቲያኑ ንጉሣችንም ተቀበላቸው፣ ሊመልሷቸው ለመጡትም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ወደዚያ በተጓዝን ቁጥር ይህን አስብ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኮራበትም ነበር።

ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ደግሞ እንደ ዋዲ ፋጢማ ያሉ ደረቅ ሸለቆዎች ይገኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጠጠርና አሸዋ ብቻ ናቸው፤ በተራራው ላይ ደመና ከታየ ግን በውስጣቸው ዕረፍት አይደረግም። በኅዳር 2009 እ.ኤ.አ. ጅዳን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ከሁሉ ይልቅ የምንናፍቀው ግን ከመካ ባሻገር ያለውን የአል-ሀዳን ዳገት ነበር። ከቆላው ተነሥቶ ወደ ጣኢፍ የሚያወጣ፣ ጫፉ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ የሚደርስ ገደል ነው። ከአስፋልቱ መንገድ በፊት ግመሎች ይወጡበት የነበረ፣ በድንጋይ የተነጠፈ ጥንታዊ መንገድ እስከ ዛሬ አለ። በላዩ ብስክሌት አይነዳም፤ ይገፋል፣ አልፎ አልፎም በትከሻ ይሸከሙታል። እዚያ ስትደርሱ አገራችሁ የገባችሁ ይመስላችኋል። በአዋሽ ሸለቆ የምናውቃቸው ባለ ጎፈር ዝንጀሮዎች በመንገዱ ዳር ተቀምጠው ይጠብቋችኋል፤ ከፍ ባለው ስፍራም የእኛው ጥድ ይበቅላል። ቀይ ባሕር ከፍቶ ሳይለያቸው በፊት፣ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት፣ የእነርሱ ተራራና የእኛ ተራራ አንድ ምድር ነበሩና።

ወደዚያ ለመሄድ በመጀመሪያ መካን መዞር ያስፈልጋል። ከጅዳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ሙስሊሞች ቀጥ ብለው፣ ሌሎቻችን ታጥፈን እንድናልፍ የሚያዝ ምልክት አለ። በጥር ወር በአንድ ዓርብ ብስክሌቶቻችንን በባልደረባዬ ፒክአፕ ጭነን በዚያ ምልክት ዘንድ ስንታጠፍ፣ በአንድ ቤት አብሮኝ የሚኖር የወሎ ሙስሊም ወዳጄ ለዑምራ ቀድሞን መካ ገብቶ ነበር። ማታውን ሊሰናበተኝ መጥቶ፣ «የእናትህ ስም ማን ነው? በስሟ እለምንላታለሁ» አለኝ። እናቴ በዚያ ወራት ታማ ነበር። ስሟን ነገርሁት፤ እንዳይረሳውም ሁለት ጊዜ ደገመው።

ከተራራው ግርጌ ደርሰን በጠጠሩ መንገድ ጥቂት እንደ ነዳን፣ በአንዲት ግራር ሥር አንድ ልጅ ተቀምጦ አየን። ዕድሜው ከ17 አይበልጥም። ሲያየን ሊሸሽ ተነሣ፤ በአማርኛ ስጠራው ቆመ። የጫማው ሶል በገመድ ታስሯል። ከየመን ድንበር ጀምሮ ተራራ ለተራራ በእግሩ የመጣ ነው። አነጋገሩ የወሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ጣኢፍ ገና ሩቅ ነው ወይ?» አለኝ።

ወደ ላይ አመለከትሁት። ቀና ብሎ አየና ዝም አለ። ከዚያም ከሩቅ የቆመውን ፒክአፕ ተመልክቶ፣ «እስከዚያ አታደርሱኝም?» ሲል ጠየቀኝ።

ወረቀት የሌለውን ሰው ማጓጓዝ በዚያ አገር ሕግ ከባድ እስራት ያስከትላል፤ መኪናውም የእኔ አልነበረም። «አንችልም፣ ወንድሜ» አልሁት። አንድ ጠርሙስ ውሃና የያዝነውን ተምር ሰጠሁት። ባልደረባዬ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ከዚያ ብስክሌቶቻችንን እየገፋን ዳገቱን ወጣን። ለእኛ መዝናኛ የሆነው ያው ጠጠር ለእርሱ ጥማትና ፍርሃት ነበር። ስንመለስ ልጁ አልነበረም፤ ባዶው ጠርሙስ በግራሩ ሥር ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ቅዳሜ ማታ ወዳጄ ከመካ ተመለሰ። የእናቴን ስም እንዳልረሳ ነገረኝ። እኔም የልጁን ነገር አጫወትሁት፤ ሕጉንም፣ ፍርሃቴንም አስረዳሁት። እርሱ ግን አልገሠጸኝም፣ አላጽናናኝምም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ስሙን ጠየቅኸው?»

አልጠየቅሁትም ነበር።

የተወደዳችሁ ሆይ፣ ልጁን መጫን ይገባኝ እንደ ነበር ዛሬም ቆርጬ አልናገርም፤ ለባልደረባዬም ቤተ ሰብ ነበረው። ስሙን ለመጠየቅ ግን የሚከለክለኝ ሕግ አልነበረም። ስሙን ብጠይቀው ትቼው መሄድ እንደሚከብደኝ ስለማውቅ ነው ዝም ያልሁት። ያን ቀን የጎማዬን አየር ቀንሼ ነበር፤ ልቤ ግን ጢም ብሎ እንደ ተነፋ ነበር፤ በጠጠሩ ላይ ዘልሎ አለፈ። በአክሱሙ ንጉሥ መኩራቴም ያን ዕለት አፈረብኝ። እርሱ መጻተኞቹን አስቀርቦ ቃላቸውን ሰምቷል፤ እኔ የአንዱን ስም እንኳ አልሰማሁም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ፍራቴሊ ቱቲ» በተሰኘው መልእክታቸው ሁለተኛውን ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ለደጉ ሳምራዊ ሰጥተውታል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደው ያ መንገድ እንደ አል-ሀዳ ቁልቁለት ነው። ካህኑና ሌዋዊውም ያለፉበት ምክንያት ሳይኖራቸው አልቀረም፤ እኔም ምክንያት ነበረኝ። እኛ «አቡነ ያዕቆብ» የምንለው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስም በሐምሌ ወር 1860 እ.ኤ.አ. በንዳድ ታሞ፣ ከምጽዋ ቆላ ወደ ደጋው ሲወጣ በመንገድ ዳር ዐረፈ። ከባሕር ወደ ተራራ በሚወጣ መንገድ ዳር የሚተኛ መንገደኛ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም፤ አባታችን ነው።

ያ ልጅ የት እንደ ደረሰ አላውቅም። ወዳጄ ግን ከዚያ ወዲህ በሚሰግድበት ጊዜ «ያ የወሎ ልጅ» እያለ እንደሚለምንለት ነግሮኛል። እኔም በመቁጠሪያዬ አንዱን ምሥጢር ስም በሌለው ስም እደግምለታለሁ። አሁን በምኖርበት ከተማም ብስክሌት እነዳለሁ፤ ከራሴ ውሃ ሌላ አንድ ጠርሙስ እይዛለሁ። ከውሃው በፊት ግን ስም እጠይቃለሁ።

እናንተም በዚህ ሳምንት በምታልፉበት መንገድ፣ በባቡር ጣቢያም ሆነ በሥራ ቦታችሁ በር፣ ስሙን ሳትጠይቁ ስንት ጊዜ ያለፋችሁት ሰው ካለ፣ ቆም በሉና ጠይቁት። በሰላም የሚያደርስ እግዚአብሔር መንገደኞችን ሁሉ ይጠብቅልን። አሜን።