ሻንጣሽ ሳይዘጋ

ሐሮ ወንጪ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

የጀርመን የተማሪ ቪዛሽ መውጣቱ ከተሰማ ወዲህ ቤታችን ሰው ተለይቶት አያውቅም። የሚመጣው ሁሉ ይመርቅሽና ሲወጣ ደግሞ «ይቺን ብቻ ታድርስልኝ» እያለ ፌስታሉን ለእናትሽ ትቶ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ሳትነሺ ልጽፍልሽ የቸኮልኩት ለዚህ ነው።

እኛ ዘንድ አደራ አልቀበልም ማለት ነውር ነው። የጀርመን ጉምሩክ ግን ማን ላከው፣ ለማን ነው ከማለቱ በፊት ሻንጣውን የያዘውን ሰው ይይዛል። ከሁሉ የምፈራልሽ ጫትን ነው። እዚህ በየገበያው ይሸጣል። እዚያ ግን በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ነገር በሕጋቸው እንደ አደንዛዥ ዕፅ ስለሚቆጠር እርጥቡም ደረቁም ወንጀል ነው። ለረጅም ዘመን ስትፈቅድ የኖረችው እንግሊዝ እንኳ በ2014 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች። ደርቆ ሲፈጭ ደግሞ ከሻይ ቅጠል ወይም ከሂና አይለይም፤ ላኪው «ሻይ ነው» ቢልሽ በዓይንሽ አታውቂውም። ስለዚህ የገዛ ወንድሜም ቢሆን፣ የሰጠሽን እቃ እሱ ባለበት ፈትተሽ እዪ። ተሰፍቶ ወይም ታሽጎ የመጣ ነገር አይሂድ። ምን እንደሆነ ያልለየሽውንም ተዪው። ሰውን ማስቀየም ከከበደሽ በእኔ አሳብቢ፤ «አባቴ ከልክሎኛል» በዪ። ቅሬታውን እኔ እችለዋለሁ።

እናትሽ ቅቤ አንጥራልሻለች፤ ቋንጣም ዘልዝላለች። ሁለቱም አይሄዱም፣ አይቡም እንዲሁ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይችልም። ምክንያቱ አፍተግርን የመሰለ የከብት በሽታ አብሮ እንዳይገባባቸው ነው፤ በረቱ ውስጥ ከብት የታመመበት ሰው ይህን ሕግ ክፉ ነው አይልም። ጭኮውም በቅቤ የራሰ ስለሆነ ከፈታሽ ጋር ከምትከራከሪ እዚሁ ብዪው። እርጥብ ጤና አዳምና የሚዘራ ዘር ያለ እፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይገቡም። በርበሬና ሽሮሽን ያዢ። የወንጪን ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቅዳሉ፤ እናትሽ የተጽናናችው በዚህ ነው።

ስትደርሺ ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ አከራይሽ የፈረመልሽን ወረቀት ይዘሽ ማዘጋጃ ቤት ተመዝገቢ። እዚያ ሃይማኖትሽን ይጠይቁሻል። እምነትሽን አትደብቂ፤ ግን መልስሽ የሚያስከትለውን አስቀድመሽ እወቂ። ካቶሊክ ወይም ወንጌላዊ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ሥራ ይዞ የገቢ ግብር መክፈል ሲጀምር፣ የዚያን ግብር 8 ወይም 9 በመቶ ለቤተ ክርስቲያን ይቆረጥበታል። በእኛ በኩል የመካነ ኢየሱስ ልጆች ብዙ ስለሆኑ፣ አብረውሽ ለሚሄዱትም ይህን ንገሪያቸው።

ከዚያ በኋላ ፖስታ ሳጥንሽን በየቀኑ ክፈቺ። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ እኛ አገር የመሥሪያ ቤት ጉዳይ በስልክ ወይም በሰው ስለሚነገር ነው። እዚያ ነገሩ የሚመጣው በወረቀት ነው። በተለይ ቢጫ ፖስታ ካገኘሽ፣ አድራሹ የገባበትን ቀን በላዩ ላይ ጽፎበታል፤ አንቺ ባትከፍቺውም የይግባኝሽ ቀን ከዚያ ዕለት ጀምሮ ይቆጠራል። ለአንዳንዱ ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ቋንቋው ካልገባሽ በዚያው ቀን ለሚያውቅ ሰው አሳዪ እንጂ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጪው። የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ የሚል ወረቀትም ይመጣል፤ ቴሌቪዥን የለኝም ማለት አያድንም። የሚከፈለው በቤት በወር 18.36 ዩሮ ነው፤ ከሌሎች ጋር የምትኖሪ ከሆነ ተካፈሉት።

ባቡር ያለ ትኬት አትሳፈሪ፤ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው፣ ከተደጋገመም ፍርድ ቤት ያደርሳል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ ጎረቤት የሚረብሽ ድምፅ አይፈቀድም። ቡና ስትቆዪ መስኮቱን ክፈቺ፣ ዕጣኑንም ቀንሺ፤ በየመኝታ ቤቱ ጣሪያ ላይ የጭስ መጠቆሚያ መኖሩ ግዴታ ስለሆነ ቤቱ ሁሉ ይጮኻል። ወንጪ የሚመጣው እንግዳ ሐይቁ ደሴት ላይ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማህን አውልቅ ስንለው እንደሚያወልቀው፣ አንቺም የእነሱን ደንብ አክብሪ።

አሁን ስለ ገንዘብ። ብሎክድ አካውንት ከሚሉት የባንክ ሂሳብሽ በወር የሚለቀቅልሽ 992 ዩሮ ለቤት ኪራይሽ፣ ለኢንሹራንስሽና ለምግብሽ ነው። ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ብቻ እንዲሠራ ነው የተፈቀደው። ብዙ ልጆች ከዚህ አልፈው በድብቅ የሚሠሩት ስስት ይዟቸው አይደለም፤ ከአገር ቤት «ላኪ፣ ላክ» የሚላቸው በዝቶ ነው። በድብቅ መሥራቱ ግን መኖሪያ ፈቃዳቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል። ስለዚህ ከእኛ ቤት ማንም ገንዘብ እንዳይጠይቅሽ ለወንድሞችሽም ለአክስቶችሽም ተናግሬያለሁ። ቢደውሉልሽም ለእኔ ንገሪኝ።

ፖሊስ ካስቆመሽ ስምሽንና አድራሻሽን በትክክል ተናገሪ፤ ወረቀትሽንም አሳዪ። ቁጣ ቢመጣብሽም አትሳደቢ፤ ሰውን መስደብ ራሱ ያስከስሳል። ጉቦ የሚመስል ነገር እጅሽ ላይ እንዳይታይ። በወንጀል ጠርጥረው ከያዙሽ ግን ስለ ነገሩ ዝም የማለት መብት አለሽ፤ አስተርጓሚም ጠበቃም ጠይቂ። ያልገባሽን ወረቀት አትፈርሚ። በርሊን ላለው ኤምባሲያችን እንዲነገርልሽ የመጠየቅ መብትም አለሽ፤ አትፈሪ፣ ጠይቂ።

ፌስታሎቹን ለየባለቤቱ መመለስ ጀምሬያለሁ። ማሩን በሚመጣው ሳምንት አምቦ ድረስ ራሴ ወስጄ መኪና ላይ አስጭንልሻለሁ፤ መዝነሽ ያዢ።

በሰላም ግቢ፣ በሰላም ያግባሽ።

አባትሽ