ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር መታወቂያ አይደለም

ዛሬ ስለ ስልክ እናውራ።

እዚህ አሽቀሎን ስልካችን ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ ይውላል። አንዱ ብድር እንስጣችሁ ይላል። ሌላው "ፖስታ ቤት ዕቃ አላችሁ፣ ትንሽ ክፈሉና ውሰዱ" ብሎ መልእክት ይልካል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ሰው አይደለም፣ የተቀዳ ድምፅ ነው። እናቶቻችን ግን የደወለውን ሁሉ እንደ እንግዳ ነው የሚቀበሉት። "እንደምን ዋልሽ ልጄ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?" ይሉታል። ማሽኑ "1ን ይጫኑ" ይላቸዋል። እኛም እንስቃለን። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም።

ብዙ ሰው "የማታውቁትን ቁጥር አታንሱ" ብሎ ይመክራል። ለሌላው ሰው ጥሩ ምክር ይሆናል፣ ለእኛ ግን ከባድ ነው። በ1984 በሱዳን በኩል የመጣውና በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጣው ወገናችን በመካከሉ ያሉትን ዓመታት ተለያይቶ ነው ያሳለፈው። የእናትና የአባት ድምፅ በካሴት ተቀድቶ ሲመጣ ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ያለቅስ ነበር። ዛሬም ጎንደርና አዲስ አበባ የሚጠብቁ ዘመዶች አሉን። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ውጊያው ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ዋትሳፑም ዝም አለ። የቀረን ተራ ጥሪ ነበር፣ እሱም መስመር ሲገኝ። ታድያ ያ የማናውቀው ቁጥር ከጎረቤት ስልክ ተውሳ የደወለች አክስታችን ብትሆንስ? በዚህ ላይ ከተማችን የሮኬት ከተማ ናት። ለአዛካ ብለን ስልኩን ትራስ ሥር አድርገን ነው የምንተኛው። አጥፍተን መቀመጥ አንችልም።

ስለዚህ እንሰማለን፣ እናነሳለን፣ ግን አውቀን እናንሳ። ወጥመዱ ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ሚስኮል ነው። አገር ቤት ሚስኮል ማለት "ካርድ የለኝም፣ መልሳችሁ ደውሉልኝ" ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አጭበርባሪውም የሚፈልገው መልሰን እንድንደውል ነው። ከውጭ አገር አንዴ ያስጠራና ይዘጋል። መልሰን ስንደውል ደቂቃው እጅግ ውድ ወደሆነ መስመር እንገባለን፣ ከገንዘቡም ለእሱ ይደርሰዋል። ጃፓኖች ይህንን "ዋንጊሪ" ብለውታል፣ አንዴ ጠርቶ መዝጋት ማለት ነው። የኢትዮጵያ መለያ 251 ነው። 252 ሶማሊያ ነው፣ 257 ደግሞ ብሩንዲ። ልዩነቱ አንዲት አኃዝ ብቻ ስለሆነች መነጽር ያላደረገ አባት በቀላሉ ይሳሳታል። መልሰን ከመደወላችን በፊት ቁጥሩን አንድ በአንድ እናንብብ። ከተጠራጠርን የምናውቀውን ዘመድ በተለመደው ቁጥሩ ደውለን "የደወለልን ከእናንተ ማን ነው?" ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛው ወጥመድ የተዋሰ ቁጥር ነው። ስልካችን ላይ የሚታየው ቁጥር በፖስታ ጀርባ ላይ እንደሚጻፍ የላኪ አድራሻ ነው። ላኪው የፈለገውን ይጽፋል፣ ፖስተኛው እውነት ይሁን ውሸት አይመረምርም። በኢንተርኔት የሚደውል አጭበርባሪም የባንካችንን፣ የሚሽታራን ወይም የጎረቤታችንን ቁጥር ለጥፎ ሊደውል ይችላል። ለዚህ ነው ቁጥሩን መዝጋት ብዙ የማይጠቅመው። የምንዘጋው ምንም የማያውቅ ሰው ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ ሌባው ግን ነገ በሌላ ቁጥር ይመጣል። አንድ ቀን የማናውቀው ሰው ተቆጥቶ "አሁን ደውላችሁልኝ ነበር" ቢለን አንደንግጥ፣ እኛም አንሳደብ። የተዋሱት የእኛን ቁጥር ነው።

"የቴኡዳት ዜሁት ቁጥሬን ነገረኝ እኮ፣ እውነተኛ ነው" የሚሉ አሉ። አይደለም። በፌብሩዋሪ 2020 ኤሌክቶር በተባለ የምርጫ መተግበሪያ ክፍተት 6.5 ሚሊዮን ገደማ የእስራኤል መራጮች ስምና የመታወቂያ ቁጥር ተጋልጦ ነበር። ቁጥራችንን ማወቅ ማንነትን አያረጋግጥም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዘግተን ራሳችን እንደውል። "ባንክ ነኝ" ካለ በካርዱ ጀርባ ወዳለው ቁጥር። "ቢቱዋሕ ለኡሚ ነኝ" ካለ ወደ ኮከብ 6050። "ፒኩድ ሃኦሬፍ ነኝ" ካለ ወደ 104። ጣታችን የደወለው ቁጥር ወደ ትክክለኛው ቤት ይሄዳል። በመልእክት የመጣ ኮድ ደግሞ የቤት ቁልፍ ነው፣ ለማንም አይነበብም። ገንዘብ ከወጣ በመጀመሪያ ባንኩ ጋ ደውለን ካርዱን እናዘጋ፣ ከዚያ ሚሽታራ 100 ነው። የተጠረጠረ መልእክት ወይም ሊንክ ከመጣ የብሔራዊ ሳይበር መሥሪያ ቤት 119 ሌትም ቀንም ይሠራል።

ለነዝናዛ ነጋዴ ሕግ አለ። ከ2008 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የስፓም ሕግ መሠረት ያለ ፈቃዳችን በመልእክት ወይም በራሱ በሚደውል ማሽን ማስታወቂያ የላከብንን ከሰን፣ ጉዳት ማሳየት ሳያስፈልገን ፍርድ ቤቱ ለአንድ መልእክት እስከ 1,000 ሼቄል ሊፈርድልን ይችላል። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ደግሞ "አል ቲትካሽሩ ኤላይ" የሚባል፣ አትደውሉልኝ ማለት ነው፣ ነፃ መዝገብ አለ። ይህ ግን ሕግ ለሚፈራ ነጋዴ ነው። ሌባ መዝገብ አያይም።

ከሁሉም የሚከብደው ኀፍረቱ ነው። የተታለለ ሽማግሌ ለልጁ መንገር ያፍራል፣ ዝም ሲል ደግሞ ሌባው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ "ምን ነካችሁ?" ብለን አንቆጣቸው። የመከሩ ሰዎች የሰውን ድምፅ አምነው የኖሩ ናቸው፣ ጥፋቱም የሌባው ነው።

አባቶቻችን ለዚህም መላ ነበራቸው። እንግዳ ሲመጣ "የማን ልጅ ነህ?" ይሉት ነበር። ለጋብቻ ሲሆን ደግሞ እስከ ሰባት ትውልድ ያስቆጥሩ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር የልጅ ልጃችንን ድምፅ አስመስሎ "ተቸግሬአለሁ፣ ገንዘብ ላኩ" ማለት ይችላል። እንጠይቀው፦ "የአያትህ አባት ማን ይባላል?" ማሽን ዘሩን አይቆጥርም። ልጆቻችን ራሳቸው ካላወቁት ደግሞ ይኸው፣ ለማስተማር አንድ ምክንያት ተገኘ።

በዚህ ሳምንት ወላጆቻችን ቤት ጎራ ስንል አራቱን ቁጥሮች፣ 100፣ 104፣ 119 እና ኮከብ 6050ን፣ በትልቁ ጽፈን ማቀዝቀዣው ላይ እንለጥፍላቸው። የእኛንም ስልክ ከሥር እንጨምር። "ሲጠራጠሩ መጀመሪያ ለእኛ ይደውሉ፣ ሌሊትም ቢሆን" እንበላቸው። ሲደውሉም ቶሎ እናንሳ።