ባሕሩን ጠየቃችሁት?

የዕለቱ ንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ 27፥9-15

እኛ ባልና ሚስት በአገልግሎት ባሳለፍናቸው 27 ዓመታት ለዕረፍት ብለን አንድ ቀን እንኳ ወጥተን አናውቅም። በመጪው ሐምሌ ሞምባሳ ለሚደረግ የአገልጋዮች ጉባኤ ስንጋበዝ ግን፣ ጉባኤው በተፈጸመ ማግስት ኪሲቴ ምፑንጉቲ የተባለውን የባሕር ፓርክ አይተን ለመመለስ ወሰንን።

እቅዱን በወረቀት አሰፈርን። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነሥተን በሊኮኒ ፌሪ እንሻገራለን፤ በታንዛኒያ ድንበር አቅጣጫ ተጉዘን ሺሞኒ እንደርሳለን፤ 3 ሰዓት ላይ በጀልባ ወደ ኪሲቴ ሄደን ዶልፊኑንና ኮራሉን እናያለን፤ ምሳ ዋሲኒ ደሴት ላይ በልተን፣ የመንደሩ ሴቶች በሚያስተዳድሩት የእንጨት መተላለፊያ በኮራል ድንጋዮቹ መካከል እንራመዳለን። ከጨረስን በኋላ «ጌታ ሆይ ባርከው» ብለን ጸለይንበት።

ከዚያ ሞምባሳ ለሚኖር አንድ ወንድም ደውለን አነበብንለት። እስክንጨርስ ታግሦ ሰማንና፣ «ፓስተር፣ ባሕሩን ጠየቃችሁት?» አለን።

ሐምሌ የኩሲ ነፋስ ወቅት ነው፤ ከደቡብ የሚነፍሰው ይህ ነፋስ ባሕሩን ያናውጣል። ደግሞም ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ሲሞላ የዋሲኒ ድንጋዮች በውኃ ይከበባሉ። ስለዚህ በዚያ ያሉ ሰዎች አስቀድመው ነፋሱንና ውኃውን ያያሉ፤ ሰዓት የሚቆርጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ስልኩን ዘግተን ዝም አልን። ሁለታችንም ያሰብነው ስለ ደሴቱ አልነበረም። ከዓመታት በፊት አዲስ የጸሎት ቤት ልንሠራ ተነሥተን ነበር። ቀኑን ቆርጠን፣ ገንዘቡን ተበድረን፣ ለምእመናን ካወጅን በኋላ ነበር ጾም ጸሎት ያወጅነው። ቆም እንበል ያሉትን እምነት የጎደላቸው አድርገን ቆጠርናቸው። በዚያ ምክንያት የተለዩን ቤተሰቦች እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

ጳውሎስ ሲያስጠነቅቅ አልሰሙትም። ጥቂት የደቡብ ነፋስ ሲነፍስ ያሰቡት የተሳካ መሰላቸው፤ ዐውሎው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እቅድ ማውጣት ኃጢአት አይደለም። ወስነን ስናበቃ እግዚአብሔርን ማኅተም እንዲያደርግልን ብቻ መጥራት ግን እርሱን መጠየቅ አይደለም።

ከወረቀታችን ላይ ሰዓቶቹን ሰርዘናል። የዚያን ቀን ጠዋት የጀልባው አለቃ ይሆናል ካለ እንሄዳለን፤ አይሆንም ካለ ሺሞኒ ዳርቻ ላይ ተቀምጠን ባሕሩን እያየን እናርፋለን። ከዚያ በፊት ግን የሚቀድም ጉዞ አለብን፤ ወደ እነዚያ ቤተሰቦች ደጅ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ። እንዴት እንደምንጀምር በዚህ ሳምንት ጌታን እየጠየቅን ነው።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ቆርጠን ከመነሣታችን በፊት መጠየቅን አስተምረን። ባለመጠየቃችን ያቆሰልናቸውን ፈውስ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።